ከጆርጅ ስቲቨንሰን ጋራ በእንግሊዝ አገር
(የሕይወት ታሪክ፤ ለባቡር ወዳጆች የጉዞ ዕቅድ ጭምር)

ከመካከላችን እንግሊዝ አገርን ለማየት የማይመኝ ተማሪ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ምኞታችን አብዛኛውን ጊዜ ከሎንዶን ከተማ አያልፍም፤ ቤተ መንግሥቱን፣ ትልቁን ሰዓትና የቴምዝን ወንዝ ዐይቶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ መመለስ ነው። የባቡር ወዳጅ የሆነ ሰው ግን ዕቅዱ ከዚህ የተለየ ሊሆን ይገባል። እሱ ሎንዶን እንደ ደረሰ ኪንግስ ክሮስ ወደተባለው ጣቢያ ሄዶ፣ ቲኬቱን ቈርጦ ወደ ሰሜን መሳፈር አለበት። የምድር ባቡር ያደገው በሎንዶን አዳራሾች ውስጥ ሳይሆን፣ በሰሜን እንግሊዝ ከሰል ይቈፈርባቸው በነበሩት ጭቃማ መንደሮች ነውና።

እኛም ባቡርን የምንወድ ጥቂት ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ጉዞ በወረቀት ላይ ስናቅድ ቈይተናል። ገንዘቡና ቪዛው የሚገኝበትን ቀን እግዚአብሔር ያውቃል፤ ዕቅዱ ግን አልቋል። ካርታውን ዘርግተን ከየት ወደ የት እንደምንሄድ ስናሰላ፣ ልናያቸው የፈለግናቸው ቦታዎች ሁሉ አንድ ሰው በሕይወቱ የተመላለሰባቸው ሆነው አገኘናቸው። ይህም ሰው ጆርጅ ስቲቨንሰን ነው። ስለዚህ የጉዞውን ዕቅድ ብቻ ከመዘርዘር የሰውየውን ታሪክ መተረክ ይሻላል ብለን አሰብን፤ ታሪኩን የያዘ ሰው መንገዱን አይስትምና። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። በልጅነታችን ባቡርን የፈጠረ ጆርጅ ስቲቨንሰን ነው ተብሎ የተነገረን ብዙዎች ነን። ይህ ልክ አይደለም። በሐዲድ ላይ በእንፋሎት ኀይል የሚሄድ መኪና ሠርቶ መጀመሪያ ያሳየው ሪቻርድ ትሬቪቲክ የተባለ የኮርንዎል ሰው ነው፤ ይህም በ1804 በዌልስ አገር ነበረ። የስቲቨንሰን ሥራ ሌላ ነው። እሱ የራሱንና የሌሎችን ሐሳብ አጣምሮ፣ መኪናውን፣ ሐዲዱን፣ ድልድዩንና ጣቢያውን አንድ አካል አድርጎ ለሕዝብ አገልግሎት ያበቃ ሰው ነው። ወደ ትሬቪቲክ ነገር በኋላ እንመለሳለን።

ዋይለም

የጉዟችን መጀመሪያ ዋይለም ናት። ይህች መንደር ከኒውካስል ከተማ በስተምዕራብ 15 ኪሎሜትር ያህል ርቃ በታይን ወንዝ ዳር ትገኛለች። ከኒውካስል በባቡር ይደረስባታል፤ ጣቢያዋም በ1835 ተከፍቶ እስከ ዛሬ የሚያገለግል ስለ ሆነ ራሱ የሚጐበኝ ነው። ከጣቢያው ወርደው ወንዙን ይዘው ሲሄዱ አንድ የድንጋይ ቤት ይታያል። ጆርጅ ስቲቨንሰን ጁን 9 ቀን 1781 የተወለደው በዚያ ቤት ነው።

ቤቱ ከሩቅ ሲያዩት አያንስም። ነገር ግን በዚያ ጊዜ አራት ቤተሰቦች ይኖሩበት ስለ ነበረ፣ ለስቲቨንሰን ወላጆችና ለልጆቻቸው የደረሳቸው አንድ ክፍል ብቻ ነበረ። አባቱ ሮበርት ከከሰሉ ጉድጓድ ውሃ በሚስበው የእንፋሎት መኪና እሳት አንዳጅ ነው። እናቱ ሜብል ትባላለች። ሁለቱም ማንበብም ሆነ መጻፍ አያውቁም፤ ለልጅ ማስተማሪያ የሚተርፍ ገንዘብም አልነበራቸውም። በቤቱ ደጃፍ ከእንጨት የተሠራ ሐዲድ ተዘርግቶ ነበርና፣ ሕፃኑ ፈረሶች ከሰል የጫኑ ጋሪዎችን እየጐተቱ ሲያልፉ እያየ አደገ።

የጆርጅ ልጅነት ከእኛ አገር የባላገር ልጅ አይለይም። መጀመሪያ ላም ጠባቂ ሆነ። ቀጥሎ ከከሰሉ ውስጥ ድንጋይ ለቃሚ፣ ከዚያም ፈረስ ነጂ፣ ከዚያም የእሳት አንዳጅ ረዳት ሆነ። በ17 ዓመቱ የአንድ የውሃ መሳቢያ መኪና ኀላፊ ሲሆን በሥራ ማዕርግ አባቱን በለጠ። ሌሎች ጓደኞቹ በዕረፍት ቀናቸው ሲጫወቱ እሱ መኪናውን ፈታትቶ፣ ጠርጎና ወልውሎ መልሶ ይገጥም ነበር። በዚህም አኳኋን የእያንዳንዱን ብረት ጠባይ ዐወቀ።

ይሁን እንጂ ፊደል አያውቅም። 18 ዓመት ሞልቶት ማንበብና መጻፍ የማይችል ወጣት ነበረ። ሊያውቀው የሚፈልገው ነገር ሁሉ በመጽሐፍ ውስጥ መሆኑን በተረዳ ጊዜ፣ ከትንሿ ደመወዙ እየከፈለ የማታ ትምህርት ቤት ገባ። ንባብ፣ ጽሕፈትና ሒሳብ ጀመረ። ቀን በከሰል ሲጠቍር ውሎ ማታ ከሕፃናት ፊደል ጋራ መታገል እንዴት ያለ ትዕግሥት እንደሚጠይቅ፣ በማታው ክፍል የሚማሩት ጓደኞቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

ኪሊንግወርዝ

በ1802 ፋኒ ሄንደርሰን የምትባል ሴት አገባ። ደመወዙ ስላልበቃው ማታ ማታ ጫማ ይሰፋ፣ ሰዓትም ይጠግን ነበር። በ1803 ሮበርት የተባለ ልጅ ወለዱ። በሚከተለው ዓመት ከኒውካስል በስተሰሜን ወዳለችው ኪሊንግወርዝ ተዛወሩ። ከዚህ በኋላ መከራ ተከታተለበት። በ1805 የተወለደችው ሴት ልጁ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሞተች። በ1806 ሚስቱ ፋኒ በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። ያን ጊዜ ገና 25 ዓመት አልሞላውም።

ጆርጅ ሕፃኑን ለሞግዚት ትቶ ሥራ ፍለጋ ወደ ስኮትላንድ ሄደ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሲመለስ አባቱ በሥራ ላይ በደረሰበት አደጋ ዐይኑ ጠፍቶ፣ በዕዳ ተዘፍቆ አገኘው። የአባቱን ዕዳ ከፈለ። የናፖሌዎን ጦርነት ዘመን ነበረና ለወታደርነት ዕጣ ሲወጣበት በእሱ ፈንታ የሚሄድ ሰው በገንዘብ መቅጠር ግድ ሆነበት። ያጠራቀመው ሁሉ በዚህ አለቀ። ተስፋ ቈርጦ ወደ አሜሪካ ለመሰደድ አስቦ እንደ ነበረ ይነገራል፤ ነገር ግን የመርከብ ዋጋ እንኳ አልቀረውም። የምድር ባቡርን ለእንግሊዝ አገር ያስቀረላት እንግዲህ ድኽነቱ ነው ለማለት ይቻላል።

ዕድሉ የተቃናው በ1811 ነው። በኪሊንግወርዝ አዲስ በተቈፈረ ጉድጓድ የተተከለው የውሃ መሳቢያ መኪና አልሠራም ብሎ ጉድጓዱ በውሃ ተሞላ። ስም ያላቸው ባለሙያዎች ሞክረው አቃታቸው። ስቲቨንሰን እኔ እሠራዋለሁ ብሎ ቀረበና መኪናውን ፈትቶ አስተካክሎ፣ ጉድጓዱን በጥቂት ቀናት ውስጥ አደረቀው። በሚከተለው ዓመት በአካባቢው የማዕድን ጉድጓዶች ላሉት መኪናዎች ሁሉ ዋና ባለሙያ ሆኖ ተሾመ።

ገንዘብ ሲያገኝ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ልጁን ሮበርትን ኒውካስል ወዳለ ጥሩ ትምህርት ቤት ማስገባት ነው። ልጁ በአህያ እየተቀመጠ ይመላለሳል። ማታ ሲመለስ አባትና ልጅ አንድ መጽሐፍ ከፍተው አብረው ያጠናሉ፤ አባት ልጁን ያስተማረውን ያህል ልጁም አባቱን አስተማረ። ሁለቱ ተጋግዘው በስሌት የሠሩት በፀሐይ ጥላ ጊዜ የሚያመለክት የድንጋይ ሰዓት እስከ ዛሬ ከቤታቸው በር በላይ ይታያል፤ 1816 የሚል ዓመት ተቀርጾበታል። የባቡር ወዳጅ ሐዲድ ብቻ ሳይሆን ይህን ድንጋይም ሳያይ እንዳይመለስ እንመክራለን። ለእኛ ለተማሪዎች ከብዙ ሐውልት ይበልጣል።

ስቲቨንሰን የመጀመሪያውን ሎኮሞቲቭ፣ ማለት ፉርጎዎችን የሚስበውን የእንፋሎት መኪና፣ የሠራው በ1814 በኪሊንግወርዝ ነው። ስሙን በዚያ ዘመን ዝናው በተሰማ የፕሩሲያ ጄኔራል ብሉኸር ብሎ ሰየመው። ብሉኸር 30 ቶን ያህል ጭኖ አቀበት ሲወጣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ6 ኪሎሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ይህም የእግረኛ ርምጃ ነው። ነገር ግን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ሁሉም ነገር ከዚያ ተነሣ።

የመብራቱ ክርክር

በዚሁ ጊዜ ከባቡር ጋራ የማይገናኝ የሚመስል፣ የሰውየውን ጠባይ ግን ለዘለዓለም የለወጠ ነገር ሆነ። በከሰል ጉድጓድ ውስጥ የሚነድ ጋዝ አለ። ሠራተኞቹ ለመብራት በያዙት ነበልባል ጋዙ እየፈነዳ ብዙ ሰው ይሞት ነበር፤ በ1812 ፌሊንግ በተባለ ቦታ በአንድ ቀን 92 ሰዎች ሞተዋል። ስቲቨንሰን አየር በጠባብ ቀዳዳዎች ብቻ የሚገባበት መብራት ሠራ። ነበልባሉ በጠባብ ቀዳዳ ወደ ውጭ ማለፍ እንደማይችል በሙከራ ደርሶበት ነበርና። በ1815 በጥቅምት ወር መብራቱን ራሱ ይዞ ጋዝ ከድንጋይ ስንጥቅ ወደሚያፏጭበት ጉድጓድ ገባ። ቢሳሳት ኖሮ ታሪኩ እዚያ ያበቃ ነበር።

ጥቂት ሳምንታት ቈይቶ ታላቁ የኬሚስትሪ ሊቅ ሰር ሃምፍሪ ዴቪ ነበልባሉን በቀጭን የሽቦ ወንፊት የከበበ መብራት ሎንዶን ላይ ለሊቃውንቱ ማኅበር አቀረበ። ዴቪ 2000 ፓውንድ ሲሸለም ለስቲቨንሰን የታሰበለት 100 ጊኒ ነበረ። ከዚህም በላይ አንድ ያልተማረ የጉድጓድ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ነገር በራሱ ሊያስብ አይችልምና ከዴቪ ሰርቆ ነው ተባለ። የሚያስገርመው ዴቪ ራሱ ዩኒቨርሲቲ ያልገባ፣ የእንጨት ጠራቢ ልጅ መሆኑ ነው። የኒውካስል አካባቢ ሰዎች ጕዳዩን መርምረው ስቲቨንሰን በራሱ መንገድ እንደ ደረሰበት መሰከሩ፤ 1000 ፓውንድም አዋጥተው ሰጡት። የእንግሊዝ ፓርላማ ኮሚቴ ሁለቱም እኩል መብት አላቸው ብሎ የፈረደው ግን በ1833፣ ዴቪ ከሞተ በኋላ ነው።

ስቲቨንሰን ይህን በደል እስኪሞት አልረሳውም። ከዚያ በኋላ የሎንዶን ሊቃውንት በሚናገሩት ነገር ሁሉ ተጠራጣሪ ሆነ። ልጁ ግን እንደ እሱ በአነጋገሩ እንዳይናቅ ብሎ በትምህርቱ አጠናከረው፤ ለስድስት ወር ያህልም ኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ ልኮት ነበር።

ሺልደንና ዳርሊንግተን

ከኒውካስል ወደ ደቡብ ስንወርድ ሺልደንና ዳርሊንግተን ይገኛሉ። በ1821 ኤድዋርድ ፒዝ የተባለ የዳርሊንግተን ነጋዴና ባልንጀሮቹ ከሰል ወደ ስቶክተን ወደብ የሚያደርስ መንገድ ለመሥራት ከፓርላማ ፈቃድ አገኙ። ያሰቡት በፈረስ የሚሳብ ነበረ። ስቲቨንሰን ፒዝን ኪሊንግወርዝ መጥቶ መኪናዎቹን እንዲያይ ለመነው፤ ፒዝም ዐይቶ አመነ። በ1823 ሎኮሞቲቭ የሚሠራ ፋብሪካ ኒውካስል ላይ አቋቁመው በልጁ በሮበርት ስም ጠሩት። ሮበርት ያን ጊዜ ገና 20 ዓመት እንኳ አልሞላውም።

ስለ ሐዲዱ ጕዳይ ስቲቨንሰን ያደረገውን መናገር ይገባናል። እሱና አንድ ሸሪኩ በ1816 ባወጡት ፓተንት ከሚፈሰስ ብረት የሚሠራ ሐዲድ ነበራቸው። ኩባንያው ያንኑ ቢገዛ ጥቅሙ የራሱ ነው። ነገር ግን ቤድሊንግተን በተባለ ቦታ የሚሠራው፣ ብረቱ እየተዳመጠ የሚወጣው ሐዲድ በቀላሉ እንደማይሰበር ዐየና ይህን ግዙ አላቸው። በዚህ ምክንያት ገንዘብም፣ የሸሪኩንም ወዳጅነት አጣ። መሐንዲስ የሚፈተነው በዚህ ነው ብለን እናምናለን።

ሴፕቴምበር 27 ቀን 1825 መንገዱ ተከፈተ። ሎኮሞሽን የተባለውን መኪና የነዳው ስቲቨንሰን ራሱ ነው። ከኋላው ከሰልና ዱቄት የጫኑ ፉርጎዎች፣ አንድ የተሳፋሪ ሠረገላና በየፉርጎው ላይ የተንጠላጠለ በመቶ የሚቈጠር ሕዝብ ነበረ፤ ጭነቱ 80 ቶን ያህል ይሆናል። በአንዳንድ ቦታ ፍጥነቱ በሰዓት 39 ኪሎሜትር ደረሰ። በ2025 የዚህ ቀን 200ኛ ዓመት በእንግሊዝ አገር በታላቅ ሥነ ሥርዐት ተከብሯል። ሺልደን ላይ በሎኮሞሽን ስም የተጠራ ትልቅ የባቡር ቤተ መዘክር ስላለ፣ ተጓዡ ቢያንስ ግማሽ ቀን ሊሰጠው ይገባል።

ሊቨርፑል፣ ራይንሂል፣ ማንቸስተር

ከዚያ ወደ ምዕራብ እንሻገራለን። ማንቸስተር የጥጥ ፋብሪካ፣ ሊቨርፑል ወደብ ናት፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት 50 ኪሎሜትር ያህል ነው። ነጋዴዎቹ ሁለቱን በባቡር ለማገናኘት ሲነሡ የቦይ ባለቤቶችና ባለርስት መኳንንት ተቃወሟቸው። መሬቱን የሚለኩት ሰዎች በዘበኞች እየተባረሩ፣ አንዳንዴም በሌሊት ተደብቀው ይለኩ ነበር። ስቲቨንሰን የልኩን ሥራ ለረዳቶቹ ትቶ ሳያጣራ በ1825 ፓርላማ ፊት ቀረበ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደተባለው ሆነ። አልደርሰን የተባለ የተቃዋሚዎች ጠበቃ በጥያቄ አፋጠጠው። ስለ መሬቱ ከፍታ፣ ስለ ድልድዩ ልክ ሲጠየቅ መልስ አጣ። የሰሜን አነጋገሩም መሳቂያ አደረገው። ሕጉ ወደቀ፤ እሱም ከሥራው ተነሣ።

ይህን የምንጽፈው ሰውየውን ለማሳነስ አይደለም። ስቲቨንሰን በመብራቱ ጊዜ የተናቀው ያለ ጥፋቱ ነበረ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ቍጥሩ በእውነት ስሕተት ነበረ። በደልና ጥፋት በአንድ ሰው ሕይወት ጐን ለጐን ይሄዳሉ። በ1826 ሌሎች መሐንዲሶች እንደገና ለክተው ሕጉ ሲያልፍ፣ ሥራውን የሚችለው እሱ ብቻ መሆኑ ታምኖበት ተመልሶ ተጠራ። በዚህ ጊዜ አልተሳሳተም።

በመንገዱ ላይ ቻት ሞስ የተባለ ሰፊ ረግረግ አለ። የተጣለበትን አፈር ሁሉ ስለሚውጠው ብዙዎች አይቻልም ብለው ነበር። ስቲቨንሰን በረግረጉ ላይ የተጠላለፈ የዛፍ ቅርንጫፍና ቍጥቋጦ እንደ ምንጣፍ አነጠፈና፣ ሐዲዱን በዚያ ላይ እንደ ታንኳ አንሳፈፈው። ዛሬም ከሊቨርፑል ወደ ማንቸስተር የሚሄደው ባቡር በዚያው ላይ ያልፋል። በመስኮት ወደ ውጭ የሚመለከት መንገደኛ የሚያየው ሜዳ ብቻ ነው፤ ያንን ሜዳ ለማየት ነው እንግዲህ እኛ ይህን ያህል አገር የምናቋርጠው።

በ1829 ኦክቶበር ወር፣ ራይንሂል በተባለ ቦታ ለሎኮሞቲቮች የ500 ፓውንድ ሽልማት ያለው ውድድር ተደረገ። አምስት መኪናዎች ቀረቡ፤ አንደኛው ውስጡ ፈረስ እየረገጠ የሚያንቀሳቅሰው ነበረ። ያሸነፈው የስቲቨንሰኖች ሮኬት ነው። የሮኬት ምስጢር የውሃው ጋን ነው። በቀድሞው ሥራ የእሳቱ ሙቀት የሚያልፈው በአንድ ወፍራም ቧንቧ ሲሆን፣ በሮኬት ግን በ25 የመዳብ ቧንቧዎች ተከፋፍሎ ስለሚያልፍ ውሃው ቶሎ ይፈላል፤ እንፋሎቱም ይበረታል። ይህን ሐሳብ ያመጣው የኩባንያው ጸሓፊ ሄንሪ ቡዝ ሲሆን፣ ሠርቶ ያዋሐደው በይበልጥ ልጁ ሮበርት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና የአንድን ሰው ስም ብቻ የሚያነሣ ታሪክ ሁልጊዜ ጥቂት ይዋሻል።

እዚህ ላይ የትሬቪቲክን ነገር እናንሣ። ሮበርት ለሦስት ዓመት ያህል በኮሎምቢያ ማዕድን ሲሠራ ቈይቶ በ1827 ወደ አገሩ ሊመለስ ካርታሄና ወደብ ሲደርስ፣ አንድ የተጐሳቈለ እንግሊዛዊ አገኘ። ያ ሰው ሪቻርድ ትሬቪቲክ ነበረ፤ በደቡብ አሜሪካ ያለውን ሁሉ አጥቶ ወደ አገሩ የሚመለስበት ገንዘብ አልነበረውም። ሮበርት 50 ፓውንድ ሰጥቶ አሳፈረው። የመጀመሪያውን ሎኮሞቲቭ የሠራው ሰው በ1833 በድኽነት ሞተ። ሐሳብን ማመንጨት አንድ ነገር ነው፤ ፋብሪካ፣ ገንዘብና ወዳጅ አግኝቶ ፍጻሜ ማድረስ ሌላ ነገር ነው።

መንገዱ የተመረቀው ሴፕቴምበር 15 ቀን 1830 ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዌሊንግተን ሳይቀሩ መኳንንቱ ሁሉ መጡ። ባቡሮቹ ውሃ ሊቀዱ ፓርክሳይድ በተባለ ቦታ ሲቆሙ፣ የሊቨርፑል እንደራሴ ዊልያም ሃስኪሰን ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋራ የነበራቸውን ቅሬታ ለማርገብ ከሠረገላቸው ወርደው ሄዱ። በዚያች ሰዓት በሌላው ሐዲድ ሮኬት እየገሠገሠ መጣና እግራቸውን ጨፈለቀ። ስቲቨንሰን ሰውየውን ኖርዘምብሪያን በተባለው መኪና ጭኖ በሰዓት ወደ 60 ኪሎሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ራሱ እየነዳ ኤክልስ አደረሳቸው። ያን ያህል ፍጥነት ያን ጊዜ እንደ ተአምር የሚቈጠር ነበረ፤ ሃስኪሰንን ግን አላዳነም፤ በዚያው ማታ ሞቱ። የምድር ባቡር የደስታው ቀንና የሐዘኑ ቀን አንድ ሆነ። በቦታው ላይ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆሟል።

ማንቸስተር ሲደርሱ የሚጐበኘው በ1830 የተከፈተው የሊቨርፑል ሮድ ጣቢያ ነው። ይህ ጣቢያ ዛሬ የሳይንስና የኢንዱስትሪ ቤተ መዘክር ክፍል ሆኗል። ኩባንያው ይበልጥ የጠበቀው የዕቃ ጭነት ሲሆን፣ የመጣለት ግን ከታሰበው በላይ ብዙ ተሳፋሪ ነው። ሕዝቡ ለካ ለመሄድ ጓጉቶ ኖሯል።

ቼስተርፊልድ

የጉዞው መጨረሻ ቼስተርፊልድ ናት። ስቲቨንሰን ወደ ሰሜን የሚሄድ ሌላ መንገድ ሲሠራ ክሌይ ክሮስ በተባለ ቦታ ለባቡር የሚሆን ዋሻ ሲያስቈፍር ከሰል አገኘና፣ ታፕተን ሃውስ የሚባል ትልቅ ቤት ይዞ በዚያው ተቀመጠ። አንድ ጊዜ ከሰል ለቃሚ የነበረው ልጅ የከሰል ጉድጓድ ባለቤት ሆነ። በሽምግልናው አትክልተኛ ሆኖ በመስታወት ቤት አናናስ ያበቅል ነበር፤ ዱባ መሰሉ ኪያር እንዳይጣመምበትም በመስታወት ቧንቧ ውስጥ ያሳድገው ነበር ይባላል። የሰርነት ማዕርግ ሲቀርብለት አልተቀበለም። በ1847 የመካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት እሱ ነበረ። ኦገስት 12 ቀን 1848 በ67 ዓመቱ ሞቶ ቼስተርፊልድ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ልጁ ሮበርት በ1859 ሲሞት ነገሥታትና ሊቃውንት በሚያርፉበት በዌስትሚንስተር አቢይ ነው የተቀበረው። የአባትየው ምኞት በልጁ ተፈጸመ ማለት ነው።

ለእኛ ምን ተረፈን?

የስቲቨንሰን ሐዲድ ስፋቱ ከኪሊንግወርዝ አካባቢ የጋሪ መንገድ የተወሰደ ነው። በኋላ ግማሽ ኢንች ተጨምሮበት 4 ጫማ ከ8 ኢንች ተኩል ሆነ፤ ይኸውም 1435 ሚሊሜትር ነው። ብሩኔል የተባለው ታላቅ መሐንዲስ ከ2 ሜትር የሚበልጥ ሰፊ ሐዲድ ዘርግቶ በፍጥነት ቢበልጠውም፣ የስቲቨንሰኑ አስቀድሞ ብዙ አገር አዳርሶ ስለ ነበረ በ1846 በሕግ የጸናው የስቲቨንሰኑ ነው።

ይህ ቍጥር እኛንም ደርሶናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ የተጀመረው፣ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው ባቡራችን ሐዲዱ 1 ሜትር ነበረ። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ መንገድ ግን 1435 ሚሊሜትር ነው፤ በ2015 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርም እንደዚሁ። ስለዚህ ከመካከላችን በቀላሉ ባቡር የተሳፈረ ሁሉ፣ ሳያውቀው፣ ፊደል ሳያውቅ ያደገ የከሰል ሠራተኛ በመረጠው ስፋት ላይ ተጕዟል።

በአገራችን የተማረ ይግደለኝ የሚል አባባል አለ። ለትምህርት የተሰጠውን ክብር ስለሚያሳይ እንወደዋለን። ነገር ግን የስቲቨንሰን ሕይወት ሁለት ነገር ያስጠነቅቀናል። አንደኛው፣ ዲግሪ የሌለው ሰው ሲናገር፣ ይህ ከየት ሰማው ብለን እንዳንንቀው ነው። በድሬዳዋው የባቡር ጋራዥ አሮጌ መኪና እየፈቱ እየገጠሙ ሲያስኬዱ የኖሩት ሠራተኞች ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲ አልገቡም፤ ግን የሚያስተምሩን ነበራቸው። ሁለተኛው፣ ስቲቨንሰን ራሱ በአለማወቁ አለመኵራቱ ነው። በ18 ዓመቱ ፊደል ቈጠረ፤ ከልጁ ጋራ ተማረ፤ ልጁንም ወደ ዩኒቨርሲቲ ላከ። የሊቃውንቱን ትዕቢት ጠላ እንጂ ትምህርትን አልጠላም።

በመጨረሻ ዕቅዱን በአጭሩ እንንገር። አንድ ቀን ለዋይለምና ለኪሊንግወርዝ፤ አንድ ቀን ለሺልደንና ለዳርሊንግተን፤ አንድ ቀን ለዮርክ፣ በ1975 የተከፈተው ብሔራዊ የባቡር ቤተ መዘክር በዚያ ስለሚገኝ፤ ሁለት ቀን ለሊቨርፑል፣ ለራይንሂልና ለማንቸስተር፤ አንድ ቀን ለቼስተርፊልድ። በጠቅላላው ስድስት ቀን ነው። ሎንዶንን ማየት የፈለገ ሰባተኛውን ቀን ይጨምርበት። አብሮን ሊሄድ የሚወድ ተማሪ ከአሁኑ ገንዘቡን ያጠራቅም፤ ወፍራም ካፖርትም ይፈልግ፤ የሰሜን እንግሊዝ ብርድ ቀልድ አያውቅም ይባላል።